ወረቀቱ አይጠየቅም፤ የጻፈው ሐኪም ግን ይጠየቃል

የቀረበው ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ፣ ሕርማታ አካባቢ ነው። ታናሽ ወንድሜ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ማታ አወይቱ ወንዝ አጠገብ በተነሣ ጠብ አንድ ልጅ ገድለሃል ተብሎ ተከሷል። ሟቹ ጭንቅላቱ ተጎድቶ ሆስፒታል ከገባ በኋላ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ወንድሜ ‹ገፈተርሁት፤ የወደቀው ድንጋይ ላይ ነው፤ ዱላ አልያዝሁም› ይላል። ዐቃቤ ሕግ ሁለት የሐኪም ወረቀት አቅርቧል። አንዱ ሟቹ በዱላ ተመትቶ መሞቱን ይናገራል። ሌላው የወንድሜ እጅ በራጅ ታይቶ ‹ዕድሜው 19 ዓመት ነው› ይላል። እናታችን ግን የወለደችው ሚሊኒየሙ በተከበረ በማግሥቱ ዓመት፣ በ2001 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ነው። ጎረቤት ሁሉ ‹ሐኪም ከጻፈ አበቃ› ይለናል። እውነት አበቃ? ፍርድ ቤቱ እነዚህን ወረቀቶች የመቀበል ግዴታ አለበት?»

እህቴ፣ አላበቃም። የሐኪም ወረቀት ማስረጃ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ፍርድ ቤቱ መዝኖ ሊቀበለው፣ ከፊሉን ተቀብሎ ከፊሉን ሊተወው፣ ጨርሶም ላያምነው ይችላል። ይህን የምለው ሐኪሞችን አቃልዬ አይደለም፤ እኔ ራሴ ሐኪም ነኝ። በጅማ ዙሪያ ባሉ ሆስፒታሎች ስሠራ እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን ለዓመታት ጽፌያለሁ፤ መጥሪያ ሲደርሰኝም ነጩን ካፖርት አውልቄ፣ ቃለ መሐላ ፈጽሜ መስክሬያለሁ። ጠበቃ ስላልሆንሁ ስለ ሕጉ የምነግርዎት በየችሎቱ ቆሜ ያወቅሁትን ያህል ነው። ወረቀቶቹ እንዴት እንደሚሠሩ ግን በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የሞተውም ልጅ እናት አለችው። ከዚህ በታች የምጽፈው ወንድምዎን ለማስመለጥ የተዘጋጀ ዘዴ አይደለም። በእርግጥ የሆነው ነገር እንዲታወቅ ከተፈለገ ለሟቹም ቤተሰብ የሚበጀው ያው መንገድ ነው፤ በደካማ ማስረጃ ላይ የቆመ ፍርድ ይግባኝ ሲባልበት ይናዳልና።

ወደ መጀመሪያው ወረቀት ልግባ። እንቅልፍ የነሣኝ «በዱላ» የምትለው ቃል ናት። አስከሬን የመረመረ ሐኪም በእርግጠኝነት «ዱላ» ብሎ የሚጽፍበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ዱላ ጀርባ ወይም ጭን ላይ ሲያርፍ ሁለት ትይዩ የሰንበር መስመሮች ሊተው ይችላል፤ ያን ያየ ሐኪም ረጅምና ድቡልቡል ነገር ነው ቢል አልፈርድበትም። ፀጉር በሸፈነው ራስ ላይ ግን እንዲህ ያለ ምልክት እምብዛም አይገኝም። እኛ በእንግሊዝኛ ስንጽፍ የምንጠቀምበት የተለመደ ቃል ትርጉሙ «ስለት የሌለው ነገር» ማለት ነው። ዱላ ስለት የለውም። የወንዝ ዳር ድንጋይም ስለት የለውም። የአስፋልት ጠርዝም፣ ቡጢም እንዲሁ። ቃሉ ቁስሉ በቢላዋ ወይም በገጀራ የመጣ አለመሆኑን ይነግረናል፤ ከዚያ አልፎ ማን ምን እንደያዘ አይናገርም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ የደረሳችሁ ወረቀት ዋናው ነው ወይስ ትርጉሙ ብሎ መጠየቅ ነው። እዚህ ጅማ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ምናልባት በአማርኛ ተነግሮዎት ይሆናል። አንድ ቃል ሦስት ቋንቋ ሲሻገር «ስለት የሌለው ነገር» ተብሎ የተነሣው «ዱላ» ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ለምስክርነት ቀርቤ የራሴ ወረቀት ትርጉም ሲነበብ ያልጻፍሁትን ሰማሁ፤ «ሊሆን ይችላል» ያልሁት «ነው» ሆኖ ነበር። ዳኛው ዋናውን አስቀርበው ስላየነው ታረመ። ያን ቀን መጥሪያው ባይደርሰኝ ኖሮ አንድ ሰው ባልተናገርሁት ቃል ይፈረድበት ነበር። ወንድምዎም ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ በደንብ የማይረዳ ከሆነ መንግሥት በሚከፍለው አስተርጓሚ የመሰማት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(7) አለው።

ዋናው ወረቀት ራሱ «ዱላ» የሚል ሆኖ ከተገኘስ? ያን ጊዜ ጥያቄው «ሐኪሙ ይህን ከየት አመጣው?» የሚል ይሆናል። በአንድ የሕክምና ማስረጃ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደባልቀው ይገኛሉ፦ ሐኪሙ በዐይኑ ያየው፣ ካየው ተነሥቶ የገመተውና ሰው የነገረው። ሦስተኛው ሳይታወቅ ወደ አንደኛው ይሰርጋል። ፖሊስ ምርመራ ሲጠይቅ ደብዳቤው ብዙውን ጊዜ «በዱላ ተመትቶ ሕይወቱ ያለፈ ስለሆነ ተመርምሮ ውጤቱ ይገለጽልን» ይላል። ሐኪሙ ይህን አንብቦ፣ አስከሬኑን ገልጦ፣ የተሰነጠቀ ራስ አይቶ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ «በዱላ በመመታት» ብሎ ይጽፋል። ያው ሐሳብ ከፖሊስ ወጥቶ፣ የሆስፒታል ማኅተም ተመትቶበት ወደ ፖሊስ ይመለሳል። ሐኪሙ አልዋሸም። ግን የሰማውን ያየሁት ነው ብሎ አምኗል። የፖሊስ የምርመራ መጠየቂያው ደብዳቤ ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ እንዲታይ ጠበቃችሁ ይጠይቅ የምለው ለዚህ ነው።

ይህ የጅማ ሐኪም ድክመት ብቻ እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. በ2004 በስፔን ማድሪድ ባቡሮች ላይ በደረሰው ፍንዳታ ከ190 በላይ ሰዎች ሞቱ። የፈንጂ ማቀጣጠያ በያዘ ፌስታል ላይ አንድ የጣት አሻራ ተገኘ። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍ.ቢ.አይ. ሦስት ባለሙያዎች አሻራው በኦሪገን ግዛት የሚኖር የአንድ ጠበቃ ነው አሉ፤ ፍርድ ቤት የሾመው ገለልተኛ ባለሙያም ተስማማ። ሰውየው ሁለት ሳምንት ታሰረ። የስፔን ፖሊስ ግን ከመጀመሪያውም አልተስማማም ነበር፤ በመጨረሻ አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አገኘ። በዓለም ላይ ካሉት እጅግ የተደራጁ ላቦራቶሪዎች አንዱ፣ ገለልተኛው ሲጨመር በአራት ባለሙያ አፍ፣ ተሳሳተ። አንዱ ምክንያት ተከታዮቹ መርማሪዎች የፊተኛውን ውሳኔ እያወቁ ማየታቸው ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ የታተመ አንድ አነስተኛ ሙከራ ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል። ለአምስት ልምድ ያላቸው የአሻራ ባለሙያዎች ከዓመታት በፊት ራሳቸው «ይመሳሰላል» ብለው የፈረሙበት አሻራ ተሰጣቸውና «ይህ ያ በማድሪዱ ጉዳይ በስሕተት የተያዘው አሻራ ነው» ተባሉ። ከአምስቱ በቀድሞ ቃሉ የጸናው አንዱ ብቻ ነበር። አሻራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጆሮአቸው የሰማው ነው።

አገራችን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለባትም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ይሠራበት ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ራሱን ስቶ ይሮጣል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ልጁን «እንዴት አወቅህ?» የሚለው አልነበረም፤ ቢጠየቅም መልስ የለውም። ሙያን ከሌባ ሻይ የሚለየው ነጭ ካፖርትም ማኅተምም አይደለም። «እንዴት አወቅህ? ስንት ጊዜ ትሳሳታለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያለው መሆኑ ነው።

እንግዲህ በወንድምዎ ጉዳይ ሐኪሙ መልስ ሊኖረው የሚችልበት ነገር አለ፤ እሱን በዝርዝር ልንገርዎት። ቆሞ ያለ ሰው ጭንቅላቱን በዱላ ሲመቱት አንጎሉ በብዛት የሚቀጠቀጠው ልክ ከተመታበት ቦታ ሥር ነው። እየወደቀ ያለ ራስ ድንጋይ ሲያገኘው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የአንጎሉ መቀጥቀጥ በብዛት የሚታየው በተቃራኒው ወገን ነው። በጀርባው ወድቆ ማጅራቱን የተመታ ሰው ከፍተኛው ጉዳት ግንባሩና ጆሮ ግንዱ አጠገብ ባለው የአንጎል ክፍል ይገኛል። ስለዚህ ውጪው ቁስል የት ነው፣ ውስጡ ጉዳትስ የት ነው የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ተነጻጽረው «ተመታ» እና «ወደቀ» የሚሉትን ታሪኮች ለመለየት ይረዳሉ። ሟቹ በክንዶቹ ላይ የመከላከል ቁስል ነበረው? ከቆብ ጠርዝ መስመር በላይ ነው የተጎዳው ወይስ በታች? የቆቡ መስመር ነገር ከላይ ከሆነ ምት፣ በመስመሩ ላይ ከሆነ መውደቅ ያመለክታል ተብሎ ይነገራል፤ ብቻውን የሚታመን ግን አይደለም። እነዚህ ሁሉ ተደምረውም እርግጠኛ መልስ ላይሰጡ ይችላሉ። ተመትቶም የወደቀ ሰው አለ፤ ያኔ ሁለቱም ምልክት ይገኛል። ታማኝ ሐኪም ይህን በግልጽ ይናገራል።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ለማለት የሟቹ ጭንቅላት መከፈት አለበት። አስከሬኑ ተከፍቶ ነው የተመረመረው ወይስ ከላይ ብቻ ታይቶ? በኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለረጅም ዘመን ሙሉ የአስከሬን ምርመራ ሲፈለግ አስከሬኑ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይወሰድ ነበር። ቤተሰብ ደግሞ ሐዘን ላይ ነው። ሙስሊሙ በዕለቱ መቅበር ይፈልጋል፤ ክርስቲያኑም አስከሬን ሲቆረጥ ማየት አይፈልግም። በዚህ መካከል ጠቅላላ ሐኪሙ አስከሬኑን ከላይ አይቶ እንዲጽፍ ይለመናል፤ ይጽፋልም። እኔም ጽፌያለሁ። ከላይ ብቻ አይቶ የጻፈ ሐኪም «የራስ ቁስል ነበረ» ማለት ይችላል፤ አንጎሉ በየትኛው ወገን እንደተቀጠቀጠ ግን ሊያውቅ አይችልም። በወንድምዎ ጉዳይ አንድ ተስፋ ሰጪ ነገር አለ፦ ሟቹ ሦስት ቀን ታክሟል። ሲቲ ስካን ተነሥቶ ከሆነ የአንጎሉ ጉዳት የት እንደነበረ ምስሉ ላይ ይገኛል። የሕክምና ካርዱና ምስሉ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሆስፒታሉ እንዲቀርቡ ይጠየቅ። ከአንድ ገጽ ማስረጃ ይልቅ ያ ካርድ የበለጠ ይናገራል፤ የገባ ቀን ነርሷ የጻፈችው አንድ መስመር ሳይቀር። ምስሉ ወንድምዎን የሚጎዳ ሆኖ ሊገኝ እንደሚችልም አስቀድመው ይወቁ።

አሁን ወደ ዕድሜው። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም፤ በሕይወቴ ከጻፍኋቸው ወረቀቶች ሁሉ የሚከነክነኝ አንድ የዕድሜ ማስረጃ ነውና። ወጣት ሐኪም ሳለሁ አንድ ልጅ ከፖሊስ ጋር መጣ። የእጁን ራጅ አየሁ፤ አጥንቶቹ ገጥመዋል፤ ማለትም እድገታቸውን ጨርሰዋል። «20 ዓመት» ብዬ ጻፍሁ። አንድ ቁጥር ብቻ፤ ከዚህ እስከዚህ የሚል የለውም። ችሎትም አልተጠራሁም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አባቱ የትምህርት ቤት መዝገብ ይዞ መጣ፤ ልጁ በዚያን ጊዜ 17 አልሞላውም ነበር፤ ከአዋቂ እስረኞች ጋር ከርሟል። አባትየው አልተቆጣኝም። «እርስዎ ያዩት አጥንት ነው፤ እኔ ያየሁት ልጄን ነው» አለኝ።

በእጅ ራጅ ዕድሜ ሲገመት ሐኪሙ ፊልሙን ከአንድ የሥዕል መጽሐፍ ጋር ያመሳስላል። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት መጽሐፍ የተዘጋጀው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1942 ከተነሡ የነጭና የተደላደለ ኑሮ ካላቸው ቤተሰቦች ልጆች ራጆች ነው፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1950 ወጣ፣ በ1959 ታደሰ። የተዘጋጀውም የልጆችን እድገት ለመከታተል ነው እንጂ ለወንጀል ችሎት አይደለም። ጤነኛ ልጆችም ቢሆኑ በተመሳሳይ ዕድሜ የአጥንታቸው ብስለት ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ሊለያይ ይችላል። የተመጣጠነ ምግብ ያላገኘ ልጅ አጥንቱ ይዘገያል፤ አንዳንዱ ደግሞ ይቀድማል። ልብ ይበሉ፦ በዚህ መጽሐፍ ለወንዶች የመጨረሻው ሥዕል የ19 ዓመት ነው። አጥንቱ ሙሉ በሙሉ የገጠመ ሰው፣ 17 ዓመትም ይሁን 40፣ የሚመሳሰለው ከዚያ ሥዕል ጋር ነው። ስለዚህ በወንድምዎ ወረቀት ላይ «19» የሚለውን ሳነብ የሚሰማኝ «የእጁ አጥንት እድገቱን ጨርሷል» የሚል ብቻ ነው። ከዚህ ተነሥቶ 18 ሞልቶታል ብሎ መማል አይቻልም። አልሞላውም ብሎ መማልም አይቻልም።

ይህች ልዩነት በሕጉ ውስጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነች ይወቁ። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 56 መሠረት ድርጊቱ ሲፈጸም ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ሰው በመደበኛው ድንጋጌ ቢዳኝም ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ የሞት ቅጣት ግን ከቶ አይወሰንበትም። ከ9 እስከ 15 ያለውማ ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት አይነካውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36(3) ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዝዛል። ስለዚህ የዕድሜው ክርክር እስከ ፍርዱ ቀን የሚጠብቅ አይደለም፤ ወንድምዎ ዛሬ ማታ የሚያድርበትን ቦታ ይወስናል። የሚቆጠረውም የራጁ ቀን ሳይሆን የሚያዝያው ቀን ነው። እናታችሁ እንዳሉት ከሆነ በዚያ ዕለት 16 ዓመት ከሦስት ወር ነበር።

የእናት ቃል ብቻውን ይበቃል አልልም። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመደበኛነት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ በ2001 የተወለደ ልጅ የልደት ወረቀት ከሌለው አያስደንቅም። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ የአንደኛ ክፍል የምዝገባ መዝገብ፣ አብሮት በዚያው ሰሞን የተወለደ የጎረቤት ልጅ ማስረጃ፣ እነዚህን ፈልጉ። ከክሱ በፊት የተጻፈ ወረቀት ከክሱ በኋላ ከወጣ ወረቀት ይበልጣል። የዘመን አቆጣጠሩን ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ጥር 2001 የእኛ በፈረንጅ 2009 ነው። የክትባት ካርድ ላይ የቱ እንደተጻፈ ሳይለይ ቀርቦ ልጅን ስምንት ዓመት ያሳረጀ መዝገብ አይቻለሁ።

«ፍርድ ቤቱ የመቀበል ግዴታ አለበት?» ላሉት አሁን በቀጥታ ልመልስ። በአንዳንድ አገር የባለሙያ ቃል ገና ከበር ይፈተሻል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1923 አንድ ፍርድ ቤት የውሸት መመርመሪያ መሣሪያን ውጤት ባለሙያዎች በጥቅሉ አልተቀበሉትም ብሎ መለሰው፤ ከ1993 ወዲህ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ዳኛው ራሱ ዘዴው ተፈትኗል ወይ፣ የስሕተቱ መጠን ይታወቃል ወይ፣ ሌሎች ባለሙያዎች መርምረውታል ወይ እያለ እንዲመዝን አዟል። በእኛ አገር ራሱን የቻለ የተሟላ የማስረጃ ሕግ እስካሁን የለም። ስለዚህ በተግባር የሐኪም ወረቀት በሩን በቀላሉ ያልፋል፤ ትግሉ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። ሆኖም የወንጀል ሕጋችን አንድ ግሩም መርሕ ይዟል። አንቀጽ 51 ስለ ተከሳሽ የአእምሮ ሁኔታ የልዩ አዋቂ አስተያየት ሲደነግግ፣ ፍርድ ቤቱ የሚገደደው በተረጋገጠው የሳይንስ ግኝት ብቻ እንደሆነና ባለሙያው ከዚያ ተነሥቶ በሚሰጠው ሕግ ነክ አስተያየት እንደማይገደድ ይናገራል። ድንጋጌው ስለ አእምሮ ቢሆንም ሐሳቡ ለራጅም ለአስከሬንም ይሠራል ባይ ነኝ። «አጥንቱ ገጥሟል» ግኝት ነው። «19 ዓመቱ ነው» አስተያየት ነው። «የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል» ግኝት ነው። «በዱላ ተመታ» አስተያየት ነው። ጠበቃችሁ ክርክሩን በዚህ መስመር ላይ ቢያቆም በጽኑ መሬት ላይ ይቆማል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሐኪሙ በአካል ሲመጣ ነው። ወረቀት መስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም የተቃራኒ ወገን ጥያቄ፣ አይቀርብለትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(4) ተከሳሹ የቀረበበትን ማስረጃ ሁሉ የመመልከትና የመሰከሩበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 124 ምስክሮች ብቻ ሳይሆኑ ልዩ አዋቂዎችም መጥሪያ እንዲደርሳቸው፣ በአንቀጽ 137 መስቀለኛ ጥያቄ በዋናው ምስክርነት ውስጥ ስሕተት፣ አጠራጣሪ ወይም ሐሰት የሆነውን እንዲያወጣ ይደነግጋል። ዐቃቤ ሕግ ሐኪሙን ካልጠራው መከላከያ ይጥራው፤ ያም ካልተሳካ ፍርድ ቤቱ ራሱ ለፍትሕ አስፈላጊ መስሎ የታየውን ምስክር ከፍርድ በፊት በማንኛውም ጊዜ እንዲጠራ አንቀጽ 143 ይፈቅድለታል። ጠበቃ የመቅጠር አቅም ከሌላችሁ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብለት ብላችሁ ጠይቁ።

ሐኪሞች ቶሎ ቶሎ ስለምንዛወር የጻፈው ሐኪም ከጅማ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «በእሱ ፈንታ ሌላ ሐኪም ቀርቦ ያንብብ» ይባላል። ሌላው ሐኪም የእንግሊዝኛውን ቃል ሊያብራራ ይችላል፤ ያላየውን አስከሬን ግን አየሁ ሊል አይችልም፤ ይህ በመዝገቡ ላይ ይስፈርልኝ በሉ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 የላቦራቶሪ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፣ የመረመረው ሰው ቀርቦ ይጠየቅ ብሎ ወሰነ። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ እዚያው ግዛት ውስጥ አንዲት የላቦራቶሪ ኬሚስት ያልመረመረችውን ናሙና መረመርሁ እያለች ስትፈርም መኖሯ ታወቀ። በመጨረሻ ከ21,000 የሚበልጡ የአደንዛዥ ዕፅ ክሶች ተሰረዙ። እነዚያ ሁሉ ወረቀቶች ማኅተም ነበራቸው።

ሐኪሙ ሲቀርብ መጮህና ማዋረድ አይጠቅምም። ብዙዎቻችን ሥራ በዝቶብን፣ ተረኛ አድረን የምንመጣ ነን፤ በአክብሮት ስንጠየቅ የማናውቀውን አላውቅም ለማለት ዝግጁ ነን። አስከሬኑን ከፍተው ነው ወይስ ከላይ ያዩት? ከመመርመርዎ በፊት ፖሊስ ምን ነግሮዎት ነበር? ድንጋይ ላይ የወደቀ ሰው እንዲህ ያለ ቁስል ሊኖረው ይችላል ወይ? በራጁ መሠረት 17 ዓመት ሊሆን አይችልም ብለው ይምላሉ? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ረጋ ብለው ከተጠየቁ ይበቃሉ። በተለይ የመጨረሻውን አንድ ታማኝ ሐኪም «አዎ እምላለሁ» ሊላችሁ አይችልም።

«እርግጠኛ ነኝ» የምትል ቃል ስትሰሙ ደግሞ ይበልጥ ጠይቁ። ኤፍ.ቢ.አይ. የጸጉር ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚያመሳስሉ ባለሙያዎቹ ከድሮ ጀምሮ በችሎት የሰጡትን ቃል ሲያስመረምር፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነው ውጤት ዐቃቤ ሕግ ተከሳሽን ለማስፈረድ ከተጠቀመባቸው 268 ምስክርነቶች በ257ቱ ውስጥ ሳይንሱ ከሚፈቅደው በላይ የተነገረ ቃል ተገኘ። በእኛም አገር ከዚህ የማይለይ ነገር አለ። በአስገድዶ መድፈር ክስ የልጅቱ ድንግልና በጣት ተመርምሮ ይጻፋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እና ሁለት የተባበሩት መንግሥታት አካላት እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ምርመራ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጸው እንዲቀር ጠይቀዋል። ያ ወረቀት ስንት ልጅ ዋሽታለች አስብሎ፣ ስንቱን ደግሞ ያለ ማስረጃ አስፈርዶ ይሆን ብዬ አስባለሁ። የወንድምዎ ጉዳይ አይደለም፤ ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልሁም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የራጁ ፊልም ራሱ የት ነው? ብዙ ጊዜ ሆስፒታሉ ውጤቱን በወረቀት ጽፎ ፊልሙን ለታካሚው ወይም ላመጣው ፖሊስ ይሰጣል፤ ከዚያ በየመሳቢያው ይጠፋል። ጅማ የሕክምና ትምህርት የሚሰጥባት ከተማ ናት፤ ፊልሙን በድጋሚ የሚያነብ የራጅ ስፔሻሊስት ለማግኘት አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። እንደገና የሚያነበው ሐኪም የፊተኛው ምን ብሎ እንደጻፈ፣ ማንስ እንደላከው አስቀድሞ አይነገረው፤ ፊልሙን ብቻ ይስጡትና ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ዕድሜ እንዲጽፍ ይጠይቁት። ፊልሙ በፖሊስ እጅ ከሆነ እንዲቀርብ ማመልከቻውን ከቀጠሮው በፊት ያስገቡ፤ በእናንተ ቤት ከሆነ ደግሞ እንዳይታጠፍ ጠፍጣፋ ካርቶን መካከል አድርጋችሁ፣ ዝናብና እርጥበት ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።